ወደዚያው ዳርቻ የተመለሰው ሰው

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 50፡15–21

ወገኖቼ፣ እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች ባሕር ባናይም የባሕር ዕቃ በደጃችን ያልፋል። ከጅቡቲ ኮንቴነር የጫኑ ከባድ መኪኖች ቀንና ሌሊት ይገባሉ። ዛሬ የማካፍላችሁ ታሪክም የሚጀምረው ከወደብ ነው።

የአክሱም ዋና ወደብ አዱሊስ ነበር፤ የሚገኘውም ዛሬ ዙላ በሚባለው የቀይ ባሕር ሰላጤ ውስጥ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ የመርከበኞች መመሪያ ስለዚህ ወደብ ያወራል። ከግብፅ ለሚነሡ ነጋዴዎች አመቺው ወቅት መስከረም ገደማ ነበር። ቀድሞ መርከቦቹ ከዳርቻው አጠገብ ባለች ደሴት ይቆሙ ነበር። ደሴቲቱ ግን ከየብስ በእግር የሚደረስባት ስለነበረች የአካባቢው ሰዎች ያጠቋቸው ነበር። ስለዚህ ከሰላጤው ጫፍ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ተራራማ ደሴት መቆም ጀመሩ። በዚያ ባሕር ውሃው በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላልም፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ቀላል አይደለም። መርከበኛው ከውሃው በታች ያለውን ዓለት ይፈራል፤ በየብስ የሚጠብቀውን ሰውም ይፈራል።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጢሮስ ሰው ሜሮጵዮስ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ ወደ ሕንድ ተጓዘ። ሲመለሱ መርከቡ ውሃና ስንቅ ሊይዝ በዚህ ባሕር ዳርቻ ወደሚገኝ ወደብ ገባ። በዚያን ጊዜ ከሮም ጋር የነበረው ስምምነት ፈርሶ ስለነበር የአገሩ ሰዎች በመርከቡ ያሉትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ከዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ አዝነውላቸውም ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ኤዴስዮስ የመጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የንጉሡ ጸሐፊና ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነ።

ንጉሡ ሲሞት ነጻ አወጣቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እሺ አሉ። ፍሬምናጦስም በአገሩ ያሉ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ ለጸሎት እንዲሰበሰቡ ያግዛቸው ነበር።

ልጁ ሲያድግ ሁለቱም ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወላጆቹን ሊያይ ወደ ጢሮስ ሄደ፤ በዚያም ቄስ ሆነ። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶታል። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ እንዲላክ አትናቴዎስን ለመነው። አትናቴዎስም ከእርሱ የተሻለ ሰው እንደሌለ አይቶ ራሱን ሾሞ ላከው። እርሱም ዘመዱና የመንገድ ጓደኞቹ ወደታረዱበት ምድር ተመለሰ። በንጉሥ ኢዛና ዘመን በአክሱም ገንዘብ ላይ መስቀል ታተመ። ሕዝቡም ፍሬምናጦስን አባ ሰላማ ብሎ ጠራው።

ወደ ቤት መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ ኤዴስዮስም በቤቱ ጌታን አገልግሏል። ነገር ግን ፍሬምናጦስ ለመራቅ በቂ ምክንያት ነበረው። በወንድሞቹ የተሸጠው ዮሴፍም እንዲሁ ነበር፤ እርሱ ግን ሰዎች ለክፋት ያሰቡትን እግዚአብሔር ለብዙዎች ሕይወት እንዳዋለው አየ።

እኔ ግን በዚሁ ሰፈር የበደለኝ ሰው በሚሠራበት ሱቅ ፊት ላለማለፍ ለሁለት ዓመት ዙሪያ ጥምጥም ሄጃለሁ። ስለ ይቅርታ እየሰበክሁ መንገድ እቀይር ነበር! ይህን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ አንድ ቀን ማለዳ በቀጥታው መንገድ ሄድሁና ሰላም አልሁት። ጉዳያችን በዚያ ቀን አላለቀም፤ መንገዱ ግን ተከፈተ።

ውድ አንባቢ፣ አንተ፣ አንቺስ የምትሸሹት ዳርቻ የት ነው? ምናልባት ጌታ የሚልካችሁ ወደዚያው ይሆናል።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ የቆሰልሁበትን ስፍራ አንተ ታውቀዋለህ። ብትልከኝ እሄድ ዘንድ ጸጋህን ስጠኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።