ኑጋር

ኑጋር በሱዳን የዓባይ ወንዝ ላይ ለጭነት ያገለግል የነበረ ሰፊ የእንጨት ጀልባ ነው። ከካርቱም ማዶ፣ በኦምዱርማን ዳርቻ፣ አናጢዎች የሚሠሩት ሱንት ከተባለው ግራር ነበር። ሱንት ብርቱ ቢሆንም ጠማማ ነው፤ ረጅም ሳንቃ አይወጣውም። ስለዚህ አጫጭር ቁራጮች እንደ ጡብ ይደረደሩና ጠርዝ ለጠርዝ በረጅም ሚስማር ይያያዙ ነበር። ከውስጥ የሚደግፈው የጎድን አጥንት የለውም። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከ2400 ዓመታት በፊት ስለ ግብፅ ጀልባዎች የጻፈው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ይህ አሠራር ለጥገና ይመቻል፤ የተበላሸው ቁራጭ ብቻ ወጥቶ ይተካል። እንጨት ቀድሞ የሚበሰብሰው ውሃ በሚያቁርበትና ሚስማር በገባበት ቦታ ነው። በመዶሻ ሲመታ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። ብስባሹ እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ መቆረጥ አለበት። በላዩ አዲስ ሳንቃ መለበጥ እርጥበቱን አፍኖ ጉዳቱን ማባባስ ነው። በተቆረጠው ቦታ የሚገባው ደረቅ ሳንቃ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና መጋጠሚያውን ይበልጥ ያጠብቃል።

በጣና ሐይቅ ግን ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ሲያረጅ ከመጠገን ይልቅ በአዲስ ይተካል።