ድንጋጤና የወሎ ልማድ

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀው የቦረና ደጋና ጎረቤቱ ሳይንት የወሎን መከራ ተካፍለው ኖረዋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱንም ሰውንም ጨረሰ፤ በ1966 እና በ1977 ረሃብ ወሎን ዳግም መታ። ከእንዲህ ያለ መከራ የተረፈ ሰው ልቡ በድንገት ድው ድው ሲል፣ ትንፋሽ ሲያጥረውና «አሁን ልሞት ነው» ሲል ወገኑ ዝም ብሎ አያየውም። ክርስቲያኑ ጠበል ይወሰዳል፤ ለሙስሊሙ ወዳጃ የተባለው የዱዓ ስብስብ ይደረግለታል። ቡናው እየተፈላ፣ ጫቱ እየተቃመ ዱዓው ወደ ሌሊት ይዘልቃል፤ በወሎ ወግ ክርስቲያን ጎረቤትም ይታደማል። ሞት ሲመጣ ቀብሩንና ለቅሶውን ቅሬ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር ይሸከማል። እነዚህ ልማዶች የእንዲህ ያለውን ድንጋጤ ሕክምና ግማሽ አስቀድመው አውቀዋል ብዬ አምናለሁ፤ የፈራን ሰው ለብቻው አይተውትም።

ቀሪውን ግማሽ የሰጠን የሕክምና ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ዳ ኮስታ የተባለው ሐኪም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተሳተፉ ወታደሮች የልብ በሽታ ሳይገኝባቸው በልብ ምትና በደረት ሕመም እንደሚሠቃዩ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ አዙሪቱን አስረዳ፦ ሰውየው የልቡን ምት የሞት ምልክት አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ፍርሃቱ ምቱን ያፈጥነዋል፤ የፈጠነው ምት ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ድንጋጤ የሚይዘው ሁሉ መከራ ያየ አይደለም። ያየው ግን የልቡን ምት ያወቀው ከአደጋው ጋር ነውና አዙሪቱ ሊበረታበት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ታማሚውን ዳገት አስወጥቶ፣ ልቡ እንዲመታ አድርጎ፣ ምቱ በራሱ ጊዜ እንደሚረግብ ያሳየዋል፤ የሸሸውን ገበያና መንገድም ቀስ በቀስ ያስለምደዋል።

«ታዲያ ወዳጃውና ጠበሉ ለምን አይበቃም?» የሚል ይኖራል። አጃቢ ሳይኖር ገበያ መውጣት ያቃተው ሰው አጽናኝ እንጂ ፈውስ አላገኘም፤ ከፍርሃቱ ጋር ራሱ መጋፈጥ አለበት። ሌላው ደግሞ በመንፈስ ስም የታሰሩትንና የተገረፉትን አንስቶ ልማዱ ይቅር ይላል። ሰንሰለቱና ግርፋቱ በእርግጥ መቅረት አለባቸው፤ መሰባሰቡ ግን አብሮ የሚጣልበት ምክንያት የለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልተኞች የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ ሲናገሩ እምነትና ሕክምና በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊሠሩ እንደሚችሉ መስክረዋል። ለድንጋጤም መንገዱ ይኸው ነው። ጤና ጣቢያው በመጀመሪያ ልብን፣ ደም ማነስንና እንቅርትን ይመርምር፤ ካህኑ፣ ሼኹና የቅሬው ዳኛ ደግሞ ታማሚውን ወደዚያ የሚልኩ፣ ሕክምናውን ሲጀምርም ከጎኑ የሚቆሙ ይሁኑ።