የበግ መድኃኒት ወላይታ ምን አመጣው?

«ይህ ክኒን መጀመሪያ የወጣው ለበግ ነው» ብንላችሁ ትውጡታላችሁ? መቼም ፊታችሁን ሳታጨማድዱ አትቀሩም። ወላይታ ዞን ውስጥ ግን ከሕፃን እስከ አዛውንት ተውጧል። ስሙ አልቤንዳዞል ነው።

ታሪኩን እንንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ስሚዝክላይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያገኘው ይህ መድኃኒት በ1977 አውስትራሊያ ውስጥ የበግ ትል ማጥፊያ ሆኖ ገበያ ወጣ። ለሰው የተመዘገበው በ1982 ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የበግም የሰውም የሆድ ትል ቱቡሊን የሚባል፣ ሴሉን ደግፎ የሚይዝ ፕሮቲን አለው። መድኃኒቱ ከእኛ ቱቡሊን ይልቅ የትሉን አጥብቆ ይይዛል፤ ትሉ ስኳር መሳብ ያቅተውና በረሃብ ያልቃል።

ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴልም መንገዱ ጠማማ ነው። የጀርመኑ መርክ የዚህን ኬሚካል ዘመዶች ያጠና የነበረው ለአእምሮ ማረጋጊያነት ነበር፤ ለትል የሞከራቸው ባየር ነው። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ዓይን እኛም ሀገር አልጠፋም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ባያዩ ኖሮ እንዶድ ሳሙና ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ወደ ወላይታ እንመለስ። አገር አቀፉ የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት እደላ በ2015 ሲጀመር ያነጣጠረው ተማሪዎች ላይ ነበር። ተማሪው ክኒኑን ውጦ ቤቱ ሲገባ ግን ያልዋጡ እናትና ታናናሾች ይጠብቁታል፤ የትሉ እንቁላልም ጓሮው አፈር ውስጥ አለ። እንደገና ይያዛል ማለት ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ጤና ሚኒስቴርና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ወላይታ ላይ «ጌሺያሮ»ን የጀመሩት ለዚህ ነው። ቃሉ የወላይትኛ ነው፤ ንጽሕናን ይመለከታል። ሁለቱን መድኃኒቶች ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለመላው ኅብረተሰብ ቢሰጡ፣ ውኃና መጸዳጃ ቢታከልበት፣ መተላለፉ ራሱ ይቆማል ወይ? ጥያቄው ይህ ነበር። ማን እንደዋጠ ለመለየት የጣት አሻራ ጭምር ተጠቅመዋል።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ክኒኑን የውጭ ኩባንያዎች በነፃ ይለግሳሉ፤ መጸዳጃ ቤት በነፃ የሚለግስ ፋብሪካ ግን የለም። እናም ክኒኑ ብቻውን እንዳይቀር እንሰጋለን። በጎቹ ላይ የደረሰውን አይተናላ! መድኃኒቱ ያለማቋረጥ ሲሰጥ በብዙ አገሮች የበግ ትሎች ለመዱት፤ አልሞት አሉ። ከሰው ትሎች መካከልም ትሪኩሪስ የሚባለው ጅራፍ መሰል ትል ከመጀመሪያውም ቢሆን በአንድ ክኒን እምብዛም አይጠፋም። የሌሎቹስ ዘር እየተለወጠ ይሆን? ተመራማሪዎች ይህንን ከሰገራ ናሙና እየፈለጉ ነው።