ቤንዚን፣ ድንጋይና ሕግ

ታሪክ ሲነሣ የነገሥታትና የጦር ሜዳ ወሬ ይበዛል። እኛ ዛሬ በበርሜል ተጭኖ ስለሚመጣ ታሪክ እንጫወት።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች ከእስራኤል ጋር በተነሣው ጦርነት ሳቢያ ነዳጃቸውን አገዱ። የዓለም ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ዕዳውም አዲስ አበባ ድረስ ወርዶ ባለታክሲው ላይ ወደቀ። የካቲት 11 ቀን ታክሲዎች ቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ ሥራ አቆሙ። ወጣቱ በአውቶቡሶችና በቤት መኪናዎች ላይ ድንጋይ አዘነበ። ሳምንት ሳይሞላ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ቀነሰ። ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ።

ከድንበሩ ወዲህም ያው ሆነ። ሱዳን ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ ሻጭ ነበረች። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ደቡቡ ሲገነጠል ከነዳጁ ሦስት አራተኛው ገደማ አብሮ ሄደ። የውጭ ምንዛሪ ነጠፈ፤ የዳቦና የነዳጅ ሰልፍ ረዘመ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. አትባራ ላይ የገዢው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተቃጠለ። በማግሥቱ ገዳሪፍ ተነሣች፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ሚያዝያ 3 ቀን አል በሽር ከሥልጣን ወረዱ።

ታዲያ ድንጋይ ረታ እንበል? ዋጋ አስቀንሷል፤ መንግሥትም ገልብጧል። ጥገኝነቱን ግን አልነካውም። የተሰበረውም አውቶቡስ የድኻው መሄጃ ነበር።

ዛሬ በአውሮፓ የሚነሡት ወጣቶች ነዳጅ ይርከስ አይሉም፤ ይቅር ነው የሚሉት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ሁለት ሴቶች በቫን ጎግ ሥዕል ላይ ሾርባ ደፉ። ሥዕሉን መስተዋት አዳነው፤ ክፈፉ ግን ተጎዳ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. እስራት ተፈረደባቸው። አገራችን በበኩሏ በሕግ መንገድ ሄደች፤ በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የገዳሪፍን ሜዳ ከ1937 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ትራክተር አርሶታል፤ ለማሽላና ለሰሊጥ ሲባል ግራሩ ተመንጥሯል። የቀረው ግራር የአስተናጋጃችን ገበሬ ሀብት ነው፤ የእኛም ማገዶ ከዚያው ነው። እኛ ሕግ አናወጣም። ሆኖም ያለ ፈቃድ የሚወድቅ ግራር እንደተሰበረው አውቶቡስ የድኻ ንብረት መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ በጭቃ የተከበበ ምድጃ እንሥራ፤ እንጨት ይቆጥባልና። ስለ ቀሪው ግራርም ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠን እንነጋገር።