አክሊሉ ሀብተወልድ

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ (1904–1967 ዓ.ም.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ኋላም 13 ዓመት ያህል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉ ዲፕሎማትና የሕግ ሰው ነበሩ። ስማቸው በይበልጥ የሚነሣው ከኤርትራ ጉዳይ ጋር ነው።

ትውልድና ትምህርት

አባታቸው አለቃ ሀብተወልድ ሀብቴነህ የቡልጋ ካህን ነበሩ። የአክሊሉን የትውልድ ስፍራ አንዳንዶች ቡልጋ፣ ሌሎች አዲስ አበባ ያደርጉታል። ወንድሞቻቸው መኰንንና አካለወርቅም ለሚኒስትርነት በቅተዋል። ቤተሰቡ ከመሳፍንት ወገን ስላልነበረ የሦስቱም ሹመት በንጉሠ ነገሥቱ እምነት ላይ የቆመ ነበር፤ ይህም በቤተ መንግሥት የባላባት ወገኖች ዘንድ ቅሬታ ሳያሳድር አልቀረም። አክሊሉ በእስክንድርያ የፈረንሳይ ሊሴ፣ ከዚያም በፓሪስ ሕግ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ዓመታት በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠርተዋል።

በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር

ከነጻነት በኋላ ወደ አገር ተመልሰው የውጭ ጉዳይ ሥራን ያዙ። ሚኒስትርነታቸውን አንዳንድ ምንጮች ከ1935 ዓ.ም. ገደማ፣ ሌሎች ሙሉ ማዕረጉን ካገኙበት ከ1941 ዓ.ም. ወዲህ ይቆጥራሉ። በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በጸደቀበት የሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ፣ በ1938 ዓ.ም. ማብቂያ በተከፈተው የፓሪስ የሰላም ጉባኤም ተገኝተዋል።

የኤርትራ ጥያቄ በሰፊው የተመዘገበው የሥራቸው ክፍል ነው። በግንቦት 1941 ዓ.ም. የብሪታንያና የጣሊያን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ቤቪንና ስፎርዛ ስለ ቀድሞዎቹ የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች የተስማሙበት እቅድ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። እቅዱ ምዕራባዊውን የኤርትራ ክፍል ለሱዳን፣ የቀረውን ለኢትዮጵያ ይሰጥ ነበር። ድምፅ የተሰጠው በየአንቀጹ ነው። የኤርትራው አንቀጽ በ37 ድጋፍና በ11 ተቃውሞ አለፈ። የሊቢያን ክፍል ትሪፖሊታኒያን በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር የሚያደርገው አንቀጽ ግን 33 ድጋፍና 17 ተቃውሞ አግኝቶ፣ ለሁለት ሦስተኛው አንድ ድምፅ ጎደለው። የሃይቲ መልእክተኛ ኤሚል ሴን ሎ ተቃውመው ድምፅ ሰጥተው ነበር። አንቀጹ ሲወድቅ እቅዱ በሙሉ ፈረሰ፤ ለኢትዮጵያ የተገኘው ድጋፍም አብሮ ተሻረ።

ቀጥሎ ከበርማ፣ ከጓቲማላ፣ ከኖርዌይ፣ ከፓኪስታንና ከደቡብ አፍሪካ የተውጣጣ ኮሚሽን ወደ ኤርትራ ተላከ። አባላቱ በአንድ ሐሳብ ባይስማሙም ክርክሩ ወደ ፌዴሬሽን አመራ፤ ውሳኔ ቁጥር 390 ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ኢትዮጵያ ከጠየቀችው ሙሉ ውሕደት ያነሰ ቢሆንም የባሕር በር ያስገኘ ትልቅ የዲፕሎማሲ ድል ነበር። ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ተጀመረ።

ጠቅላይ ሚኒስትርነት

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወንድማቸው መኰንን ተገደሉ። አክሊሉ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ሚኒስትሮቻቸውን እንዲመርጡ ቢፈቀድላቸውም የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ የፈረሰው በእርሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትርነት ነው፤ በውሳኔው የነበራቸው ድርሻ እስካሁን ያከራክራል።

ቤተሰብ

ባለቤታቸው ፈረንሳዊት ነበሩ።

መጨረሻና ቅርስ

የወሎ ረሃብ፣ የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ፣ የሠራዊቱም አመፅ ተደራርበው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቀ። በቦታቸው ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ተሾሙ። አክሊሉ ታስረው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወንድማቸው አካለወርቅና ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ያለ ፍርድ ሥልጣን በያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ በደርግ ተረሸኑ። የ13 ዓመት አስተዳደራቸው ስሕተትም ስኬትም በችሎት ሳይመረመር ቀረ።

በእስር ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽን የጻፉት ቃል ኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ተብሎ ታትሟል። ተከሳሽ ራሱን ለመከላከል የጻፈው በመሆኑ ከተባበሩት መንግሥታት መዛግብት ጋር እያስተያዩ ማንበብ ይገባል፤ ሆኖም የንጉሡ መንግሥት የውጭ ፖሊሲ ከውስጥ ምን ይመስል እንደነበር ከሚያሳዩ ጥቂት ምስክርነቶች አንዱ ነው።