የበዓል ዳቦ በሰሜን ተራሮች ግርጌ

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ፣ ከዚያም የሊማሊሞን ገደል ቁልቁል የተመለከተ መንገደኛ ስለ ዋልያውና ስለ ጭላዳው፣ ስለ ራስ ዳሸንም ከፍታ ብዙ ይነገረዋል፤ የገብስና የስንዴው ማሳ እስከ ገደሉ አፋፍ በተዘረጋበት በዚህ ብርዳም ደጋ እናቶች ለክርስትናና ለማኅበር፣ ለጥምቀትና ለሠርግ ሲጋግሩት የኖሩት ዳቦ የራሱ የሆነ ታሪክ እንዳለው የሚያጫውተው ሰው ግን እምብዛም አያገኝም። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ዘመቻውን፣ ሹም ሽሩንና የአብያተ ክርስቲያናቱን መታነጽ በጥንቃቄ መዝግቦ ሲያቆይልን፣ በወንፊትና በቡሃቃ፣ በምጣድና በአክንባሎ መካከል ሲወራረስ የኖረውን ጥበብ ለእናትና ለልጅ ጨዋታ ትቶታል። ይህ ዳቦ ለገበያ አልነበረም፤ የሚጋገረው ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባትና በደጅ ለቆመ ነዳይ ሲሆን፣ የቤቱም ክብር የሚታወቀው በዳቦው ስፋትና በቆራሹ ብዛት ነበር።

ድፎ ዳቦ የአንድ ሌሊትና የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ስንዴው ተለቅሞ፣ ታጥቦና ተሰጥቶ ከተፈጨ በኋላ፣ በወንፊት የተነፋው ዱቄት በማታ በእርሾ ይቦካል፤ ጨውና ጥቁር አዝሙድም ይገባበታል፤ በደጋው ብርድ ሊጡ ቶሎ ኩፍ ስለማይል ጋጋሪዋ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልላ ከምድጃው አጠገብ ታሳድረዋለች። ሲነጋ የኮባው ቅጠል እንዳይሰነጠቅ በእሳት ወላፈን ይለበለብና በምጣዱ ላይ ደራርቦ ይነጠፋል፤ ሊጡ ይደፋበታል፤ የቅጠሉ ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሌላ ቅጠል ከላይ ይለብስና፣ በክዳኑ ላይ ፍም ተደርጎ፣ ዳቦው ከታችም ከላይም በእሳት ተከቦ ይበስላል። ልምድ ያላት ጋጋሪ እሳቱን በሽታ ትመዝነዋለች፤ ከምጣዱ የሚወጣው ሽታ እርጥብ ቅጠል እስከሆነ ድረስ አትነካውም፤ ሽታው የደረቀ ገለባ መምሰል ሲጀምር የላዩን ፍም ቀነስ ታደርጋለች፤ በመጨረሻም ስንደዶ ሰክታበት ሊጥ ሳይዝ ከወጣ ያን ጊዜ እፎይ ብላ ትቀመጣለች።

ቅጠሉ ሲገለጥ የኮባው ጅማት በዳቦው ገጽ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ጥቅጥቅ ብለው የተሰለፉ ቀጫጭን መስመሮችን አትሞበት ይገኛል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ሚሊዮኖች ለቆጮ የሚያለሙት እንሰት፣ ማለትም ኮባው፣ በጎንደር አገር በየጓሮው የሚተከለው ይልቁንም ለቅጠሉ ነው፤ ስለዚህም የድፎው ጌጥ ሰው የሣለው ሳይሆን ተክሉ ራሱ ያተመው መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በዚህ ላይ የሚጨመረው ካህኑ ወይም የቤቱ ታላቅ ሰው ባርኮ ሲቆርስ በቢላዋ የሚያሳርፍበት የመስቀል ምልክት ነው። በየወሩ በ12 ስለ ቅዱስ ሚካኤል፣ በ16 ስለ ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ስለ እመቤታችን፣ በ27 ስለ መድኃኔ ዓለም ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ፣ ከጠላው አስቀድሞ በመካከል የሚቆመው ይኸው ዳቦ ነው። ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነው ኅብስት በቤተ ልሔም፣ በተለዩ አገልጋዮች እጅ፣ የመስቀል ትእምርት ታትሞበት የሚዘጋጅ ስለሆነ ከእናቶች ዳቦ ጋር የሚደባለቅበት መንገድ የለም፤ ቢሆንም የምልክቱ ልማድ ከዚያ ወደ ቤት እንደ ተሻገረ ለመገመት እደፍራለሁ።

ስለ ዳቦው ሲነገር ስለ ምጣዱ ሳይናገሩ ማለፍ ፍትሕ አይደለም። በወገራና በሰሜን ብዙውን የሸክላ ሥራ ይሠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ ወንዶቻቸው በቀጥቃጭነትና በሸማ ሥራ ሲተዳደሩ፣ እነርሱ ጭቃውን አቡክተው፣ ቅርጽ ሰጥተውና በእሳት አብስለው ምጣዱን፣ ድስቱንና ጀበናውን ወደ ገበያ ያወጡ ነበር። በበዓል ቀን ዳቦው ሲመሰገን፣ ዳቦው የበሰለበትን ምጣድ የሠራችው ሴት በስም ማጥፋትና በንቀት ስትጎዳ መኖሯ የዚህ አገር ታሪክ እውነተኛ ቁስል ነው። እነርሱም በቤታቸው የሰንበት ዳቦ ነበራቸው፤ በሰንበት እሳት ስለማይነድድ ዓርብ ቀን ጋግረው ያሳድሩትና ቄሳቸው ባርኮ ይቆርሰው ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኛው ሕዝባቸው ወደ እስራኤል ሲፈልስ ይህን ሥርዓት ይዞት ሄዷል፤ ዛሬም በዚያ አገር ዓርብ ዓርብ ይጋገራል።

ምጣዱ ከአካባቢው የተገኘ ቢሆን፣ የዳቦው ዓይነት የበረከተው ግን በመንገድ ነው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ከምጽዋ ተነሥቶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በወገራ በኩል ጎንደር ሲገባ የተከተለው መንገድ ከእርሱ አስቀድሞ ለብዙ ዘመን የነጋድያን መንገድ ነበር፤ ነጋዴውም በስልቻው ሳይሻግት የሚሰነብት ዳቦ ቆሎና በሶ ይዞ ይወጣና ይወርድ ነበር። ከተከዜ ማዶ የትግራይ እናቶች በጣታቸውና በቢላ ጫፍ የመንኰራኵር ቅርጽ እያወጡ የሚያስጌጡት አምባሻም ከሊማሊሞ ግርጌ ሩቅ አልነበረም። ከማእከሉ ጨረር እንደሚፈነጥቅ ሆኖ መስመሩ ወደ ዳር ይወጣል፤ በመስመሮቹ መካከልም ነጠብጣብ ይደረጋል። እጅ ሆነ ብሎ በሊጥ ላይ የሣለው ጌጥ ከፈለግን፣ በቅርባችን ያለው ይህ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሰሜን ባላባት ወገን የተወለዱትን እቴጌ ጣይቱ ብጡልን ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል። በ1880 ዓ.ም ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያደረጉት ታላቅ ግብር በአገር ማዕድ ብዛትና ሥርዓት የተመሰከረለት ሲሆን፣ በ1900 ዓ.ም ገደማ በአዲስ አበባ የከፈቱት ሆቴል ደግሞ የውጭ ሰው እንደ አገሩ ልማድ የሚመገብበት ሆነ። አንዲት ሴት ሁለቱንም ማዕድ፣ አንዱን ለሌላው ሳትሠዋ፣ ማስተዳደር እንደምትችል አስቀድመው ያሳዩ እርሳቸው ናቸው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን የሊማሊሞን ገደል እየሰነጠቀ ያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ከጠብመንጃው ጋር ሌላም ነገር አመጣ። የፉርኖ ዱቄት፣ የፉርኖ ዳቦ፣ በጎንደር ፒያሳም ብስኩቱና ቶርታው በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ እየተለመዱ መጡ። የበዓል ዳቦን የለወጠው የሰው ምላስ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የለወጠው መንገዱና ወፍጮው ነው እላለሁ፤ በእጅ ወፍጮ ስትፈጭ ታነጋ ለነበረች እናት ተፈጭቶና ተነፍቶ በከረጢት የመጣ ነጭ ዱቄት ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ለመረዳት አያዳግትም።

ቶርታው ግን ወደ ደጋው ቤት ለመግባት ብዙ ጊዜ ወስዶበታል። አንደኛው ምክንያት የጾም ሥርዓታችን ነው፤ ለምእመናን ብቻ በዓመት 180 ያህል የጾም ቀናት ባሉበት ሥርዓት፣ እንቁላልና ቅቤ የሚገባበት ጣፋጭ ቦታ አያገኝም። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚጨፍሩት ልጆችና ለክርስትና ልጅ የሚሰጠው ሙልሙል በፍልሰታ ጾም ውስጥ የሚውል ስለሆነ፣ ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከእርሾና ከጨው በቀር የሚፈልገው ብዙ ነገር የለም። ሁለተኛው ምክንያት ቶርታው የሚቆረስበት ልደት ራሱ ነው፤ የተወለደበትን ቀን እያሰቡ በየዓመቱ ማክበር ለገበሬው ቤተሰብ እንግዳ ነበር፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ ድፎው ይቆረሳል፤ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የሚታሰበው የቅዱሱ በዓል ነው።

ዛሬ ልደቱም ምረቃውም ደርሷል፤ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የምረቃ ድግስ ከከተማይቱ ዐበይት ጉዳዮች አንዱ ሆኗል። ቶርታውን ለእህቷ ወይም ለጓደኛዋ በቤቷ የምትሠራ ወጣት እንቁላሉን በሹካ መትታ፣ ክሬሙን በላስቲክ ከረጢት ሞልታ፣ የከረጢቱን ጫፍ በመቀስ ቀድዳ ስሟን በፊደል ስትጽፍላት ማየት የሚያስደስት ነገር ነው። ሥራው ግን ቀላል አይደለም፤ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ አየሩም ስስ ስለሆነ ለቆላ አገር የተጻፈ የቶርታ ልክ በዚያ ቶሎ ያብጥና መካከሉ ይሰምጣል፤ ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ ግድ ነው። ኦቨን የሌላት በወፍራም ድስት ትጋግራለች፤ በክዳኑ ላይ ፍም የምታደርግም አለች፤ ይህም አያቷ ለድፎው ስታደርገው የኖረችው ነው። ለጾም ወራትም ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ የሚሠራው የጾም ኬክ በከተሞቻችን ተለምዷል፤ ሙልሙሉ የታዘዘለትን ሕግ ቶርታውም ተቀብሎታል ማለት ነው።

ስለዚህ ቶርታን እንደ ጠላት የሚቆጥሩትን ሰዎች አልከተልም፤ የሚያሳስበኝ ሊጡን በጋቢ ጠቅልሎ ማሳደርን፣ እሳቱንም በሽታ መመዘንን የሚያውቁ እጆች ተተኪ ሳያገኙ እንዳይቀሩ ነው። በደባርቅና በዳባት ያላችሁ እናቶች፣ ለልጃችሁ ልደት ቶርታ ስታዘጋጁ ከጎኑ ድፎውንም ድፉ፤ ሴቱንም ወንዱንም ልጅ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣችሁ አሳዩ። ቶርታ የምታስጌጡ ወጣቶችም፣ የሩቅ አገር ጽጌረዳ በክሬም ከመሣላችሁ አስቀድሞ የአምባሻውን መንኰራኵርና የኮባውን ጅማት አስተውላችሁ ተመልከቱ።