ወንበሩ ለምን አይሞቅም?

ልደታ ማርያም በአንድ ወቅት ከቤተ ክርስቲያኗ ቀጥሎ የምትታወቀው በአውሮፕላን ነበር ብል፣ የዛሬ ወጣት ላያምነኝ ይችላል። ከቦሌ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የልደታ ሜዳ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መነሻው ይኸው ነበር። በ1950ዎቹ የጄት ዘመን ሲመጣ ሜዳው አልበቃ ብሎ በረራው ወደ ቦሌ ሄደ፤ "አሮጌው ኤርፖርት" የሚለው የሠፈር ስም ግን እስከ ዛሬ አለ።

ስለ አውሮፕላን ያነሣሁት የመኪና ወንበር ታሪክ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ወንበር ወላጁ የአውሮፕላን ሰው ልብስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በከፍታ የሚበርሩ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች እንዳይደርቁ ውስጡ ሽቦ የተዘረጋበት ልብስ ለብሰው ከአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ ጋር ይያያዙ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሐሳቡ ወደ መሬት ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1951 የጄኔራል ሞተርስ ሰው የነበረው ሮበርት ባላርድ ለሚሞቅ የመኪና ወንበር የፈጠራ መብት አመለከተ፤ በ1966 ካዲላክ ወንበሩን ተጨማሪ ለሚከፍል ደንበኛ አቀረበው፤ በ1971 ደግሞ የስዊድኑ ሳብ የሾፌሩን ወንበር ከነማሞቂያው ይሠራ ጀመር። ሳብ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ቢሾፍቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ሲያደራጅ አብራሪዎቻችን የተማሩት በሳብ አውሮፕላኖች ነበርና፣ ከሳብ መኪና በፊት የሳብን ክንፍ አውቀናል።

ወደ ራሳችን መንገድ ስንመለስ፣ ቤዴ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ሲድሌይ የሚነሣው በማኖቬላ ነበር፤ ሞተርን በኤሌክትሪክ ማስነሣት እንኳ ገና በፋብሪካ መኪና ላይ አልተለመደም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ በጋራዥ ቋንቋችን ውስጥ እንደ ደለል ተነባብሮ ይታያል። ሾፌርና ጋራዥ ከፈረንሳይ ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወርሮን ሲወጣ ካንዴላን፣ ፍሪሲዮንን፣ ማርመታን፣ ፍሬቻን፣ ሞተሪኖን፣ ካቻቢቴንና ፒንሳን ጥሎልን ሄደ፤ ጠላት ከተወው ሁሉ ይህን የሚያህል ጠቃሚ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ከነጻነት ማግሥት ልደታ አጠገብ የተከፈተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ደግሞ በእነዚህ ቃላት ላይ ንባብና ስሌት ጨመረባቸው። ለሚሞቀው ወንበር ግን ጣሊያን ቃል አልተወልንም፤ በዚያ ዘመን ነገሩ ራሱ አልነበረማ። ባለሙያዎቻችን "የወንበር ሂተር" ብለው አለፉት።

ለብዙ ዘመን ስምም አላስፈለገውም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ቮልስዋገን እንኳ ሙቀት የምትሰጠው የሞተሯን ግለት በአየር እየገፋች ወደ እግር በመላክ ነበር። የሚሞቀው ወንበር በብዛት የመጣው ኋላ፣ ከአውሮፓ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ለብርዳም አገር የተሠራ ነገር ለእኛ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ በታኅሣሥ ንጋት የቅዳሴ ሰዓት ላይ ልደታ ይቁም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነንና በዚያ ሰዓት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ ብርቅ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መኪናዬን ላሠራ ተራ ስጠብቅ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከፊቴ ነበሩ። የወንበራቸው ማሞቂያ አልሠራም ብሏል። ኤሌክትሪሽያኑ ወጣት ነው።

"እናቴ፣ ለአዲስ አበባ ምን ያደርግልዎታል? ቆርጬ ልጣለውና ይገላገሉ" አላቸው።

"ልጄ፣ የወገቤን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው። መቁረጡን ማንም ይቆርጠዋል፤ አንተ ለምን እንደማይሞቅ ንገረኝ" አሉት።

ልጁ ሣቅ አለና በርከክ ብሎ ሥራውን ጀመረ። ያደረገውን በዝርዝር የምጽፈው እንዲህ ያለው ጥበብ በመጽሐፍ ስለማይገባ ነው። መጀመሪያ የነካው ወንበሩን ሳይሆን ባትሪውንና ዲናሞውን ነው። ብዙ መኪኖች ጉልበት ሲያንሳቸው አስቀድመው የሚያጠፉት እንዲህ ያለውን የምቾት ዕቃ ነውና፣ የደከመ ባትሪ ደኅናውን ወንበር በሽተኛ ያስመስለዋል። ቀጥሎ ፊውዙን አየ፤ ደኅና ነበር። ሞተሩ እየሠራ ማብሪያውን ተጭኖ ከወንበሩ ሥር ባለው ሶኬት ላይ ቴስተሩን ሲያሳርፍ 14 ቮልት ገደማ አገኘ፤ ኔጌቲቩ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቡሎንም አልዛገም። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ እስከ ደጃፍ ደርሷል፤ የታመመው ቤቱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቢጫውን ሶኬት ግን አልነካውም። "እርሱ የኤርባግ ነው፤ ባትሪ ሳይፈታ አይነካም" አለኝ ሳልጠይቀው።

ሞተሩን አጥፍቶ ማሞቂያውን ከሶኬቱ ነቀለና የሽቦውን ሬዚስታንስ ለካ። ጤነኛ ማሞቂያ ጥቂት ኦም ያሳያል፤ የእርሳቸው ምንም አላሳየም፤ ሽቦው ተበጥሷል። አንድ ወንበር ከ50 እስከ 100 ዋት ይወስዳል፤ ዝቅተኛው ከአንድ የፊት መብራት ጋር የሚስተካከል ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከስፖንጁና ከልብሱ መካከል የተኛ ቀጭን ሽቦ ነው። ሰው ከኋላ ዕቃ ለማንሣት በጉልበቱ ሲንበረከክበት ይበጠሳል። በብዙ መኪኖች የመቀመጫውና የመደገፊያው ሽቦ በአንድ መስመር የተቀጠሉ በመሆናቸው አንዱ ሲበጠስ ሁለቱም ይቀዘቅዛሉ።

አዛውንቷ "አያይዘዋ!" አሉት። ልጁ እምቢ አለ። በዚህ እምቢታው እጅግ አከበርሁት። በእጅ የተጠመዘዘ ሽቦ በመጋጠሚያው ላይ ከሌላው ይልቅ ይግላል፤ የሚግለውም ከሰው ገላ ሥር፣ ከስፖንጅ ጋር ተጣብቆ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ የሚጎነጉኑልንን ባለሙያዎች ሳስብ ነገሩ ቀልድ አይሆንልኝም። ጤነኛ የሚመስል ወንበር እንኳ ያቃጥላል፦ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የቃጠሎ ሐኪሞችና የደኅንነት ተሟጋቾች ለመንግሥት ተቆጣጣሪው አቤት ያሉት፣ ከወገብ በታች ስሜት ያጡ ሰዎች ሳይሰማቸው በወንበር ማሞቂያ ስለ ተቃጠሉ ነበር። በስኳር በሽታ ስሜታቸው የደነዘዘም አደጋው ይነካቸዋል። በየቤታችን ስኳር ያለባቸው ወላጆች ስላሉን ይህን ሳንነግራቸው ማብሪያውን ማሳየት አይገባም። ለአዛውንቷ ከሶማሌ ተራ ሙሉ ማሞቂያ ተገዝቶ ተቀየረላቸው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወስን፣ የልደታ ጋራዦች ጉዳይ ተለወጠ። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ማርመታም የለውም፤ የጣሊያን ቃላት አብዛኞቹ ሥራ ፈትተው ሊቀሩ ነው። ወፍራሞቹን ብርቱካናማ ገመዶች ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው አይነካቸውም፤ የሚሸከሙት በመቶ የሚቆጠር ቮልት ነው። ወንበሩ ግን በዚያው መኪና ውስጥ ከሌላ ጊዜ ይልቅ ተፈላጊ ሆኗል፤ አየሩን ሁሉ ከማሞቅ ሰውየውን ብቻ ማሞቅ ባትሪ ይቆጥባልና። መብራቱ፣ መስኮቱና የወንበሩ ማሞቂያም በአብዛኞቹ ላይ እስካሁን የሚሠሩት በዚያችው በ12 ቮልት ባትሪ ነው። ማዘዣው በኮምፒውተር ሳጥን በኩል ይለፍ እንጂ፣ ከሳጥኑ እስከ ስፖንጁ ያለው መንገድ ያ ልጅ በርከክ ብሎ የተከተለው ነው። ለጋራዡ ኤሌክትሪሽያን ወደ አዲሱ መኪና መግቢያ የሚሆነው በር ይህ ይመስለኛል፤ የሚያስፈልገውም ቴስተር፣ የመኪናው የኤሌክትሪክ ንድፍና "ቆርጠህ ጣለው" የማይል ደንበኛ ነው።